አብሮ ገነብ የሒሳብ ፈንክሽኖች በጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ፦ ምንነት፣ አመራረጥና አጠቃቀም

አጠቃላይ መግለጫ

አብሮ ገነብ የሒሳብ ፈንክሽን ማለት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዘጋጆች አስቀድመው ጽፈውና ፈትሸው ከቋንቋው ጋር የሚያቀርቡት፣ አንድን የተወሰነ ስሌት የሚያከናውን የትእዛዝ ስብስብ ነው። ተጠቃሚው የፈንክሽኑን ስም ይጽፋል፤ የሚሰላውን ቁጥር በቅንፍ ውስጥ ያስገባል፤ ፈንክሽኑም ውጤቱን ይመልሳል። በዚህም ጀማሪው እያንዳንዱን ስሌት ከመነሻው ከመጻፍ ይድናል።

በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭን ጨምሮ በልዩ ልዩ አማራጮች ፕሮግራሚንግ ለሚማሩ ዜጎች ይህ ርዕስ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በፓይተን ቋንቋ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የፈንክሽኖቹ ስም በፕሮግራም ውስጥ በትንንሽ የላቲን ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፣ እዚህ በአነባበቡ ቀርቧል።

ዋና ዋና ፈንክሽኖች

ያለ ተጨማሪ ዝግጅት የሚሠሩ፦

• «አብስ»፦ የአንድን ቁጥር ፍፁማዊ ዋጋ ይሰጣል። አብስ(-7) ውጤቱ 7 ነው።
• «ማክስ» እና «ሚን»፦ ከተሰጡት ቁጥሮች ትልቁንና ትንሹን ይመርጣሉ።
• «ሰም»፦ በዝርዝር ውስጥ ያሉ ቁጥሮችን ይደምራል። የዝርዝሩን ብዛት ከሚቆጥረው «ሌን» ጋር ሲጣመር አማካይ ለማስላት ያገለግላል። የ72፣ 85፣ 64 እና 91 ድምር 312 ሲሆን፣ ለ4 ሲካፈል አማካዩ 78 ይሆናል።
• «ራውንድ»፦ ቁጥርን ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር ወይም ወደሚፈለገው የአስርዮሽ ቤት ያጠጋጋል።

«ማዝ» የተባለውን ሞጁል በ«ኢምፖርት» ትእዛዝ ካስገቡ በኋላ የሚሠሩ፦

• «ፍሎር»፦ ወደታች ወዳለው ሙሉ ቁጥር ያወርዳል።
• «ሲል»፦ ወደላይ ወዳለው ሙሉ ቁጥር ያወጣል።
• «ስኩዌር ሩት»፦ በፕሮግራሙ ውስጥ ኤስ፣ ኪው፣ አር፣ ቲ በሚሉት አራት ፊደላት ይጻፋል። ጎኖቹ 6 እና 8 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርዝመት የ100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 10 ሜትር ነው።

ተገቢውን የማጠጋጊያ ፈንክሽን ስለመምረጥ

ሦስቱ የማጠጋጊያ ፈንክሽኖች ለአንድ ቁጥር የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ቁጥሩ የሚወክለው ጉዳይ ነው።

ሀ. ዕድሜ፦ 17 ዓመት ከ8 ወር የሞላው ሰው ዕድሜ 212 ወር ለ12 ሲካፈል 17.67 ገደማ ነው። «ራውንድ» ይህን 18 ያደርገዋል፤ በዚህ የተሠራ ፕሮግራም ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ እንደደረሰ ይቆጥራል። ትክክለኛው ፈንክሽን «ፍሎር» ሲሆን ውጤቱ 17 ነው።

ለ. መቀመጫ፦ 130 ሠልጣኞች 24 መቀመጫ ባላቸው አዳራሾች ሲመደቡ ስሌቱ 5.42 ገደማ ይሆናል። «ራውንድ» 5 አዳራሽ ይበቃል ይላል፤ 10 ሰዎች ግን ቦታ ያጣሉ። እዚህ ላይ ተገቢው «ሲል» ሲሆን ውጤቱ 6 ነው።

ሐ. ገንዘብ፦ በ247.50 ብር ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 37.125 ብር ነው። በተለመደው አሠራር ይህ 37.13 ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የፓይተን «ራውንድ» በሁለት የአስርዮሽ ቤት ሲጠራ ግን 37.12 ይመልሳል፤ ቁጥሩ ልክ መካከል ላይ ሲውል የመጨረሻው አሃዝ ተጋማሽ ወደሚሆንበት አቅጣጫ ስለሚያጠጋጋ ነው። በዚሁ ምክንያት ራውንድ(2.5) ውጤቱ 2፣ ራውንድ(3.5) ደግሞ 4 ነው። በጃቫስክሪፕት ግን ተመሳሳይ ስም ያለው ፈንክሽን 2.5ን ወደ 3 ያጠጋጋል። ስለሆነም ከአንዱ ቋንቋ የተማሩትን ሳያረጋግጡ ወደ ሌላው መውሰድ አይገባም።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

1. ኮምፒውተር አብዛኞቹን የአስርዮሽ ቁጥሮች የሚይዘው በቅርብ ግምት ነው። በፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይታያል። ስለዚህ የገንዘብ መጠንን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀውን የ«ዴሲማል» ሞጁል መጠቀም ይመከራል።
2. «ፍሎር» ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርንም ወደታች ያወርዳል፤ ፍሎር(-2.5) ውጤቱ -3 ነው። አስርዮሹን ብቻ የሚቆርጠው «ኢንት» ግን -2 ይሰጣል።
3. የ«ማዝ» ሞጁል ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲጠየቅ ፕሮግራሙ በስህተት መልእክት ይቆማል። ከመጥራት በፊት ቁጥሩን መፈተሽ ያስፈልጋል።
4. የ«ሳይን» እና «ኮሳይን» ፈንክሽኖች የሚቀበሉት ማዕዘንን በራዲያን ነው። በዲግሪ የተሰጠ ማዕዘን አስቀድሞ «ራዲያንስ» በተባለው ፈንክሽን መለወጥ አለበት።
5. በስም አጻጻፍ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ልዩነት አለው። አንድ ፊደል ከተለወጠ ፈንክሽኑ አይገኝም።

ፕሮግራሙን ሥራ ላይ ከማዋል በፊት

ፈንክሽኑ የሚያሰላው የተጠየቀውን ነው፤ የተጠየቀው ለጉዳዩ ተገቢ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የፕሮግራም ጸሐፊው ነው። ስለሆነም በቅድሚያ ሥራውን የሚመለከተው ደንብ ስለ ማጠጋጋት ምን እንደሚል መለየት፣ ቀጥሎም ፕሮግራሙን ውጤታቸው በእጅ ተሰልቶ በታወቀ ቁጥሮች መፈተሽ ያስፈልጋል። ለፍተሻ ዜሮ፣ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርና በ0.5 የሚያበቃ ቁጥር እንዲካተቱ ማድረግ ከላይ የተዘረዘሩትን አብዛኞቹን ስህተቶች አስቀድሞ ለማግኘት ይረዳል።