ቁልፍ ያቀበለ ወላጅ፤ የመኪና መድንና የቤተ ሰብ ኀላፊነት በጣና ዳር

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለብዙ ዘመን ዋናው መጓጓዣ ከደንገል የሚታሠረው ታንኳ ነበር። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ልጁን ከጐኑ አስቀምጦ ሙያውን ያስተምረዋል። ልጁ ቢሳሳት ጉዳቱ በአብዛኛው ከታንኳውና ከጭነቱ፣ ቢከፋም ከራሱ ከቤተ ሰቡ አያልፍም። መኪና ግን ይህን ሚዛን ለወጠው። መሪ የጨበጠ ወጣት አይቶት የማያውቀውን እግረኛ ሕይወት በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የመኪና መድን ታሪክ የኩባንያዎች ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ «ልጅ ያጠፋውን ማን ይክፈል?» ለሚለው ጥንታዊ ጥያቄ አዲስ መልስ የተፈለገበት ታሪክ ነው።

የመድን ሥራ ወደ አገራችን የገባው ከባንክ ጋር ተያይዞ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል በመሆን የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያደረሰውም በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የተቋቋመ የመጀመሪያው የመድን ድርጅት፣ ኢምፔሪያል የመድን ኩባንያ፣ ሥራ የጀመረው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1943 ዓ.ም. ገደማ ነበር። መኪናው ቀድሞ ገባ፤ ዋስትናው ዘግይቶ ተከተለ።

ባሕር ዳር የዘመናዊ ከተማ መልክ መያዝ የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ፣ ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ ወደ ሐይቁ ዳር ጐረፈ። በብስክሌት የታወቁት ሰፋፊ ጐዳናዎች ቀስ በቀስ የጭነት መኪናን፣ አውቶቡስን፣ ኋላም ባጃጅን አስተናገዱ።

ከተማዪቱ በምትስፋፋበት በዚያው ወቅት ወላጅን በቀጥታ የሚመለከት ሕግ ወጣ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን በሁለት በኩል ያዘው። በቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆንም እንኳ ከኀላፊነት አያመልጥም፤ ንብረቱ በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበር ካላስረዳ በቀር። «እኔ አላጠፋሁም» የሚለው መከራከሪያም አያድነውም። በሌላ በኩል ቁጥር 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ ማለትም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለሚያስከትለው ኀላፊነት አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። እንግዲህ ልጅ የአባቱን መኪና ነድቶ ጉዳት ቢያደርስ፣ አባት በባለቤትነቱም በአባትነቱም ይጠየቃል ማለት ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የአባትነቱ ኀላፊነት ይቀራል፤ የባለቤትነቱ ግን መኪናው በአባት ስም እስከ ተመዘገበ ድረስ ይቀጥላል። ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው በዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ዕዳውን ወሰነ እንጂ መክፈያውን አላዘጋጀም። ተጐጂ ቤተ ሰብ ካሣ የሚያገኘው ባለመኪናው ሀብት ካለው፣ ወይም በፈቃዱ መድን ገብቶ ከሆነ ብቻ ነበር። በቀረው ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ዕርቅ ይወርዳል፤ የጐደለውን ዘመድና ወዳጅ ያዋጣል። ዕድር ለቀብርና ለሐዘን ይደርሳል፤ አባቱን ያጣ ሕፃን ዓመታት የሚያድግበትን ካሣ ግን መሸከም አይችልም።

በ1967 ዓ.ም. 13 የግል የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ ሀብታቸውንና ዕዳቸውን የተረከበው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል በ1968 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 የመድንን ሥራ እንደ ገና ለግል ባለሀብት ከፈተ። ተወዳዳሪው በዛ፤ ምርጫውም ሰፋ። ዳሩ ግን እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1930 ለባለመኪና ሁሉ ግዴታ ያደረገችው የሦስተኛ ወገን መድን በኢትዮጵያ አጠቃላይ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በዚህ በ2005ቱ አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ካሣ ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ሆኖ ተደነገገ። ለአስቸኳይ ሕክምናም እስከ 2,000 ብር ተፈቀደ።

ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባው የእነዚህን አኃዞች ትርጕም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ የግዴታው መድን ግን ጣሪያ አለው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ቢወስን ልዩነቱ የሚወጣው ከባለመኪናው ጥሪት ነው። «መድን አለኝ» ብሎ ቁልፉን ለልጁ የሚያቀብል ሰው፣ መድኑ እስከ ምን ድረስ እንደሚሸፍን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ተረቱ። መድን ሰጪዎችም በየአገሩ አደጋን ቆጥረው ከዚሁ ደርሰዋል፤ ልምድ የሌለው ወጣት በሚነዳው መኪና ላይ ዐረቦን ይጨምራሉ፣ ወይም ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ መድን ገቢው ራሱ እንዲችል ያደርጋሉ። አንዳንድ ወላጅ ይህን ወጪ ለማስቀረት መኪናውን ዘወትር የሚነዳው ልጁ መሆኑን ሳይገልጽ ውል ይፈርማል። ይህ ቍጠባ አይደለም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢ ስለ አደጋው መጠን የሚያውቀውን በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ሆን ብሎ የሸሸገ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ያን ጊዜ የከፈለው ዐረቦን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ልጅ ቁልፍ መስጠትማ ከሕግ መተላለፍም አልፎ ለመኪናው ጥገና የተገባውን ዋስትና ጭምር አሳልፎ መስጠት ነው።

እንግዲህ ምርጫው እንደ ቤቱ ሁኔታ መመዘን አለበት። መኪናው ያረጀና ዋጋው ዝቅተኛ ከሆነ ለራሱ ለመኪናው ጉዳት የሚከፈለው ሙሉ ሽፋን ቢቀር ቤተ ሰቡን አይጥለው ይሆናል፤ ከግዴታው ጣሪያ በላይ ለሦስተኛ ወገን የሚደርስ ተጨማሪ ሽፋን ግን መቅረት የለበትም። በአንጻሩ ባጃጅ ገዝቶ ለሥራ አጥ ልጁ የሰጠ ወላጅ ያችው ባጃጅ የቤተ ሰቡ እንጀራ ናት፤ ገዝቶም ከሆነ በብድር ነው። ለእርሱ የንብረቱም የሦስተኛ ወገኑም ዋስትና በአንድነት ያስፈልገዋል። ዐረቦኑ ቢከብደው እንኳ ሊቀንስ የሚገባው ከሌላ ወጪ ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። ድልድዩ ለመኪናም፣ ለብስክሌትም፣ ለእግረኛም መንገድ አለው። በዚያ ላይ የአንዱ ልጅ ሲነዳ የሌላው ልጅ በእግሩ ይሻገራል። ወላጅ ለመድን የሚከፍለው ገንዘብ ለእነዚህ ለሁለቱም ልጆች የሚከፈል ነው፤ የመጀመሪያው ከዕዳ፣ ሁለተኛው ከችግር እንዲድን። የካሣው መጠን በሽማግሌ ፊት ከመቆጠሩ በፊት፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሊታሰብበት የሚገባውም ስለዚህ ነው።