ለፊውዥን ሪአክተር አንድ ሰዓት የሚዘልቅ የማሞቂያ ጨረር

ፀሐይ ኃይል የምታመነጭበትን የአቶም እምብርቶች ውህደት (ፊውዥን) በምድር ላይ ለማካሄድ፣ የሃይድሮጂን ጋዝ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ፕላዝማ መሆን ይኖርበታል። በደቡብ ፈረንሳይ በመገንባት ላይ የሚገኘው ኢተር የተሰኘው የሙከራ ሪአክተር ለዚሁ ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ፈጣን የዲዩቴሪየም አቶሞችን ወደ ፕላዝማው ማስገባት ነው።

አቶሞቹ የግድ ገለልተኛ መሆን አለባቸው። የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያለው ቅንጣት ፕላዝማውን በያዘው መግነጢሳዊ መስክ ተጠምዝዞ ይቀራል። ሙል የሌለውን ደግሞ ማፍጠን አይቻልም። በመሆኑም ቅንጣቱ በቅድሚያ ኔጌቲቭ አዮን ሆኖ በ1 ሚሊዮን ቮልት ይፈጥናል፤ ከዚያም በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ትርፍ ኤሌክትሮኑን ይጥላል። ፖዘቲቭ አዮን በዚህ ፍጥነት ኤሌክትሮን ሊይዝ ስለማይችል አልተመረጠም። ኔጌቲቩም ቢሆን ገለልተኛ የሚሆነው 60 በመቶ ገደማው ብቻ ነው።

በኢተር ከታቀዱት ሁለት መሣሪያዎች እያንዳንዱ በ40 አምፔር 40 ሜጋ ዋት ጨረር ሲያመነጭ፣ ፕላዝማው ዘንድ የሚደርሰው 16 ነጥብ 5 ሜጋ ዋት ነው። የሁለቱ ድምር 80 ሜጋ ዋት፣ 43 ነጥብ 2 ሜጋ ዋት አቅም ካለው ከቆቃ የኃይል ማመንጫ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ ከግማሽ በላዩ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ በመሣሪያው አካላት ላይ ያርፋል።

ዋናው ችግር ታዲያ የጊዜው ርዝመት ነው። በእንግሊዝ የነበረው ጄት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስመዘገበው 59 ሜጋ ጁል የተገኘው በ5 ሰከንድ ነው፤ ስለ ፊውዥን የሚወጡ ዜናዎች ሲነበቡ ይህን የሰከንድ ቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከኢተር ጨረር የሚጠበቀው 3 ሺህ 600 ሰከንድ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ሙቀቱን የሚሸከም መዳብ በአንድ ሰዓት ስለሚቀልጥ፣ ጨረሩ የሚነካው ክፍል ሁሉ በውስጡ ውኃ እንዲፈስበት ተደርጎ ይሠራል። አዮኖቹን ለማብዛት የምንጩን ገጽ የሚለብሰው ስስ የሲዚየም ሽፋንም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳይዛባ መቆየት አለበት።

የአዮን ምንጩ በጣሊያን ፓዶቫ ከተማ፣ ስፓይደር በተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሲፈተን፣ ከምንጩ ውጪ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ በመታየቱ ከ1 ሺህ 280 ቀዳዳዎቹ አብዛኞቹ እንዲሸፈኑ ግድ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻም ለማሻሻያ ሥራ ቆሞ ነበር። የ1 ሚሊዮን ቮልቱ ሙሉ ናሙና ማይቲካ የሚፈተነውም በዚያው ከተማ ነው። ኢተር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የተከለሰ መርሐ ግብር የምርምር ሥራውን በ2034፣ የዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ውህደቱን በ2039 ለመጀመር አቅዷል።