ፊደል፣ ሥዕልና ድምፅ፦ የጤና መልእክት ጉዞ በወለጋ

የሕክምና ሙያ በምርመራና በመድኃኒት ማዘዣ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር ለሕዝቡ በሚገባው መንገድ ካልደረሰ፣ ከመደርደሪያ ሳይወርድ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይሆናል። ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ የሚሠራ ወጣት የጤና ባለሙያ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ጽሑፍና ቀለም ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፖስተር ወይም አጭር ቪዲዮ አዘጋጅቶ ሊያሰራጭ ይችላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም የመሣሪያው ፍጥነት መልእክቱ መድረሱን አያረጋግጥም። ይህ ጽሑፍ በወለጋና በአገራችን ለሕዝብ የተላለፉ መልእክቶች ከእማኞቻቸው ጋር እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ከዚያም ለዛሬው ሥራችን ምን ትምህርት እንደምናገኝ በአጭሩ ይቃኛል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ቅኝት ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውንና በወለጋ በስፋት የሚታየውን የእግር እብጠት፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስን፣ ለማስረዳት አንድ ሥዕል በኮምፒዩተር አዘጋጅቼ ነበር። እብጠቱ ጎልቶ እንዲታይ በማሰብ እግሩን ከጉልበት በታች ብቻ አሳየሁ። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ እንደሚያሻል ከሥሩ ጻፍኩ። በሽታው ያለባቸው አንዲት እናት ግን ሥዕሉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ትቆርጡታላችሁ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ የታመመ እግር ሣልሁ፤ እርሳቸው ያዩት የተቆረጠ እግር ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍም ማንበብ አይችሉም ነበር። ባይጠይቁኝ ኖሮ፣ ሥዕሌ ከሕክምና እንዲሸሹ ምክንያት በሆነ ነበር።

መልእክትን በሕዝቡ ቋንቋ የማዘጋጀት ሥራ በነቀምቴ ረጅም ታሪክ አለው። በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጥተው በእምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት አዲስ ኪዳን በ1893፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲመጡ የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ተቀበሏቸው፤ በ1931 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በዚያው በማስተማር ጸኑ። ዓላማቸው ሃይማኖታዊ ነበር፤ ነገር ግን የአሠራራቸው መንገድ ለእኛም ይበጃል። አስቴር ጋኖ፣ እርሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ስትሆን፣ ሕዝቡ በቃል ያቆያቸውን ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ለንባብ መጽሐፉ አዋለች። አንባቢው ያላወቀውን ፊደል የተማረው ከልጅነቱ በሚያውቀው ቃል ነው።

እነዚህ መጻሕፍት የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1991 ወዲህ ግን ኦሮምኛ የሚጻፈው ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ዛሬ በነቀምቴ በአንድ ጣሪያ ሥር በአማርኛ የተማሩ አያት የግዕዙን ፊደል፣ የልጅ ልጃቸው ቁቤውን ሲያነቡ፣ የቤቱ እናት ግን ሁለቱንም ላታነብ ትችላለች። አንድ ፖስተር «ለኅብረተሰቡ» ተዘጋጀ ስንል፣ ከሦስቱ ለማንኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ፊደል በማይደርስበት ሥፍራ ሥዕል ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ አሳይቷል። ዘመቻው በኢትዮጵያ የተጀመረው በጃንዋሪ 1971 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በአገራችን ይታይ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት የሚገድለው ጥቂቱን ስለ ነበረ፣ ክትባቱ አስፈላጊ መሆኑን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ሠራተኞቹ በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን በቀለም የሚታይበትን የመለያ ካርድ ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት እየዞሩ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ የት እንዳለ ይጠይቁ ነበር። የካርዱ ጥበብ ከዚህ ላይ ነው፤ ሕዝቡን ከማስተማር ይልቅ ይጠይቀዋል፤ ተመልካቹን የወረርሽኝ ቅኝት ተባባሪ ያደርገዋል። በአገሪቱ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በኦገስት 1976 በባሌ ነው።

ድምፅም የራሱ ምዕራፍ አለው። ከ2002 እስከ 2004 ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጃቸው ሁለት ተከታታይ የሬድዮ ድራማዎች፣ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በኦሮምኛ «ዲምቢባ»፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ሴቶች ኑሮ ይተርኩ ነበር። የአማርኛው 257፣ የኦሮምኛው 140 ክፍሎች ነበሩት። ኦሮምኛው የአማርኛው ትርጉም አልነበረም፤ የራሱ ታሪክና የራሱ ገጸ ባሕርያት ነበሩት። አድማጩ ምክር ከመስማቱ በፊት ጎረቤቱን የሚመስል ሰው ሲሳሳት፣ ሲጸጸትና ሲታረም ይሰማ ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአድማጮች ደብዳቤዎች መድረሳቸውም መልእክቱ ሰሚ እንደ ነበረው ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ የስልክ ሆነ። በማርች 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ሲገኝ፣ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ መጥሪያውን ድምፅ በጥንቃቄ መልእክት ተካው፤ 8335 የተባለው ነጻ መስመርም ለመረጃ አገለገለ። ስልክ የያዘ ሁሉ ሳይፈልግ እንኳ የሚሰማው ስለ ነበረ፣ ዘዴው ብልህነት የሞላበት ነበር። ነገር ግን በአካባቢው ወታደራዊ ዘመቻ ይካሄድ ስለ ነበር፣ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ የተመለሰውም በማርች መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ወረርሽኙ ወደ አገሪቱ በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ እጅግ ዘመናዊው መልእክት በእነዚህ ዞኖች አልተሰማም። ያን ጊዜ የቀረው መንገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እግርና አፍ፣ የገበያ ቀንና የእምነት ቤት ደጅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥ፣ መልእክቱን ከተቀባዩ ጋር መመርመር ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ፖስተርም ሆነ ቪዲዮ ከመሰራጨቱ በፊት ለጥቂት የታሰበላቸው ሰዎች ቀርቦ «ምን ያያሉ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ በቂ አይደለም፤ መልሱ በአክብሮት ብቻ «አዎ» ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛም፣ በስልክ ብቻ የሚኖር መልእክት መብራትና መስመር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በቃል የሚነገርና በወረቀት የሚያዝ መንታ ይኑረው።

እኔም ሥዕሉን እንደ ገና ሠራሁት። አሁን በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በበርጩማ ተቀምጣ፣ ሁለት እግሮቿን በሳፋ ውስጥ አድርጋ ታጥባለች፤ ጫማዋም አጠገቧ አለ። ከማሳተሜ በፊት ለእኒያው እናት አሳየኋቸው። «እግሯን ታጥባለች፤ ከዚያ ትጫማለች» አሉኝ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ሳያስፈልጋቸው።