ስለ ማድሪድ የመስተዋት ቤት ታሪክ

የታላላቅ ሕንጻዎች ታሪክ በሁለት ወገን ይመረመራል፤ አንደኛው ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራ፤ ሁለተኛውም ስለ ምን እንደ ተሠራ ነው። በእስጳንያ ዋና ከተማ በማድሪድ፤ ሬቲሮ በሚባለው ሰፊ የአትክልት ስፍራ የቆመው የመስተዋት ቤት በፊተኛው ሲመረመር ምስጋና፤ በሁለተኛው ሲመረመር ግን ወቀሳ ያገኘዋል።

ሬቲሮ በ17ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ መናፈሻ ነበረ፤ በ1868 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ለከተማው ሕዝብ ሆነ። በ1887 የእስጳንያ መንግሥት፤ ከ300 ዓመት በላይ ሲገዛቸው የኖሩትን የፊሊፒን ደሴቶች ሀብት ለሕዝብ ለማሳየት በዚሁ ስፍራ ኤክስፖዚሲዮን የሚባለውን ትልቅ ትርኢት አዘጋጀ። ስለ ሕፃኑ ልጃቸው ስለ አልፎንሶ 13ኛ በሞግዚትነት ይገዙ የነበሩት ንግሥት ማርያ ክሪስቲና በጁን 30 ቀን መርቀው ከፈቱት።

ከደሴቶቹ ለመጡት የቈላ ተክሎች ብርሃንና ሙቀት የሚያገኙበት ቤት ስላስፈለገ፤ የሕንጻ ሊቁ ሪካርዶ ቬላስኬስ ቦስኮ ይህን ቤት ሠራ። አብነት የሆነውም በ1851 በሎንዶን ሃይድ ፓርክ፤ አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን የሠራው የመስተዋት አዳራሽ ነው። የጥበቡ ምሥጢር፤ ክብደቱን ሁሉ ቀጫጭን የብረት ዓምዶች ስለሚሸከሙት ግድግዳው ሸክም የሌለበት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በድንጋይ ፈንታ መስተዋት ሊገባበት ይቻላል። የብረቱን ሥራ መሐንዲሱ አልቤርቶ ደ ፓላሲዮ ረዳ፤ የሸክላውን ጌጥ ዳንኤል ሱሎአጋ ሠራ። ጕልላቱ ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በፊቱም ያለው ኵሬ ሕንጻውን እንደ ሥዕል ይቀበለዋል።

ነገር ግን ወደ ማድሪድ የመጡት ተክሎች ብቻ አልነበሩም። ከፊሊፒንና በአጠገባቸው ካሉት ደሴቶች ወደ 40 የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ተወስደው በአትክልቱ ስፍራ ጎጆ ተሠራላቸው፤ ሲሸምኑ፤ ትንባሆ ሲጠቀልሉ፤ በታንኳ ሲቀዝፉ ሕዝብ እየመጣ ይመለከታቸው ነበር። ከእነርሱም በሕመም ተይዘው አገራቸውን ሳያዩ በዚያው የሞቱ አሉ። ለተክሉ ሙቀት የታሰበለት ያህል ለሰው ክብር አልታሰበለትም።

ይህንም አይቶ ያዘነ አልጠፋም። በማድሪድ ሕክምና የተማረ፤ በዓይን ሐኪምነቱም የታወቀ ሆሴ ሪዛል የሚባል የፊሊፒን ተወላጅ፤ ወገኖቹ ለትርኢት መቅረባቸውን እየነቀፈ ለወዳጁ ለሊቁ ለብሉመንትሪት ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት የአገሩን መከራ የሚገልጥ መጽሐፉ በበርሊን ታተመ። በዲሴምበር 30 ቀን 1896 የእስጳንያ ሹማምንት ሪዛልን በማኒላ በጥይት አስገደሉት፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1898 እስጳንያ ደሴቶቹን ለአሜሪካ ለቀቀች። ሀብቱ በታየ በ11 ዓመት ባለሀብት ነኝ ያለው ባዶ እጁን ቀረ።

ቤቱ ግን ከትርኢቱም ከግዛቱም በኋላ ቆሞ ቀረ። በሜይ 10 ቀን 1936 ማኑኤል አሳኛ የሪፑብሊኩ ፕሬዚደንት ሆኖ የተመረጠው በዚሁ ጕልላት ሥር ሲሆን፤ ከሁለት ወር በኋላ የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ከ1990 ወዲህም የሬይና ሶፊያ ሙዚየም የሥነ ጥበብ ሥራዎችን አሳይቶበታል።

በአማርኛ ብርሃን የሚያሳልፈውም የመስኮት ገጽ፤ የተመልካቹንም መልክ የሚመልሰው መስተዋት በአንድ ቃል ይጠራል። በ1887 ወደ ሬቲሮ የሄዱት ሰዎች በመስተዋቱ አሳልፈው የሩቅ አገር ሰው ያዩ መስሏቸው ነበር፤ ዛሬ ታሪካቸውን ለሚያነብ ግን በመስተዋቱ ውስጥ የሚታዩት ተመልካቾቹ ራሳቸው ናቸው።