በሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ የሚከሰት የጡንቻ መመናመን

በሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ የሚከሰት የጡንቻ መመናመን ኩላሊታቸው ለረጅም ጊዜ በታመመ ሰዎች ላይ የጡንቻ መጠንና ጉልበት ቀስ በቀስ የሚቀንስበት የጤና ችግር ነው። የኩላሊት በሽታ ሥር የሰደደ የሚባለው የኩላሊት ጉዳት ወይም የሥራ መቀነስ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ነው። መመናመኑ ቀደም ባሉት የበሽታው ደረጃዎች ሊጀምር ቢችልም ይበልጥ የሚታየው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ባሉና የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) በሚያደርጉ ሕሙማን ላይ ነው። ችግሩ ከመውደቅ፣ ከአጥንት ስብራት፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከመታከምና ከሞት አደጋ መጨመር ጋር የተያያዘ ነው።

ስያሜ

በእድሜ መግፋት የሚመጣው የጡንቻ መመናመን ሳርኮፔኒያ ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ ሲሆን፣ «ሥጋ» እና «እጦት» የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። የኩላሊት በሽታ ግን ወጣቶችንም ለዚህ ችግር ይዳርጋል። የሰውነት የፕሮቲንና የኃይል ክምችት አብሮ ሲሟጠጥ ሁኔታው «የፕሮቲንና የኃይል መመናመን» ይባላል። ይህ በምግብ እጥረት ብቻ ከሚመጣ ክሳት የተለየ ነው፤ ሕመምተኛው በቂ ምግብ እየበላም ሊከሰት ይችላል።

መንስኤዎች

በጡንቻ ውስጥ ፕሮቲን ዘወትር ይገነባል፣ ዘወትርም ይፈርሳል። በኩላሊት በሽታ ጊዜ የሚፈርሰው ከሚገነባው ሊበልጥ ይችላል። ዋና ዋና ምክንያቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• የደም አሲድነት፦ የታመመ ኩላሊት አሲድን በሚገባ አያስወግድም። በደም ውስጥ የሚከማቸው አሲድ ዩቢኩዊቲን-ፕሮቲያሶም የተባለውን ፕሮቲን የሚያፈርስ የሴል ሥርዓት ያነሳሳል።
• ብግነት፦ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ብግነት የጡንቻን መፍረስ ያፋጥናል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል።
• የሆርሞኖች መዛባት፦ ኢንሱሊን የጡንቻን መፍረስ ይገታ ነበር፤ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲደክም ይህ መከላከያ ይላላል። የጡንቻን እድገት የሚገታው ማዮስታቲንም ይጨምራል።
• የምግብና የእንቅስቃሴ ማነስ፦ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ጣዕም መለወጥና ድካም ሕመምተኛው ጥቂት እንዲበላና ጥቂት እንዲንቀሳቀስ ያደርጉታል።
• የኩላሊት እጥበት፦ በአንድ የደም እጥበት ከ6 እስከ 12 ግራም የሚደርስ አሚኖ አሲድ ይወጣል። በሆድ በኩል በሚደረግ እጥበት ደግሞ በቀን ከ5 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን ሊወጣ ይችላል።

ምልክቶችና ምርመራ

የተለመዱት ምልክቶች ከወንበር ለመነሳት ወይም ደረጃ ለመውጣት መቸገር፣ ቀስ ብሎ መራመድና የጭንና የክንድ መቅጠን ናቸው። ኩላሊት ሲደክም በሰውነት ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀም፣ ጡንቻ እየቀነሰም የሰውነት ክብደት ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሚዛን ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም።

ለምርመራ የእጅ ጭብጥ ጉልበት መለኪያ፣ የአረማመድ ፍጥነትና ከወንበር 5 ጊዜ የመነሳት ፈተና ያገለግላሉ። በአውሮፓ ባለሙያዎች መስፈርት መሠረት የጭብጥ ጉልበት ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ ግራም በታች ከሆነ ወይም 5ቱ መነሳት ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጉልበቱ ደካማ ነው ይባላል። የጡንቻ መጠን ዴክሳ በተባለ የኤክስሬይ ምርመራ ይለካል።

በኩላሊት ምርመራ ላይ ያለው ተፅዕኖ

የኩላሊት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚገመተው በደም ውስጥ ባለው የክሬአቲኒን መጠን ነው። ክሬአቲኒን በዋናነት የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻው የመነመነ ሰው የክሬአቲኒን ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ኩላሊቱም ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል። በዚህ ምክንያት ሕክምና ሊዘገይ ወይም የመድኃኒት መጠን ሊበዛ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ በጡንቻ መጠን ብዙም የማይወሰነው የሲስታቲን ሲ ምርመራ ይረዳል።

ሕክምና

የፕሮቲን መጠን እንደ በሽታው ደረጃ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ እጥበት ላልጀመሩና ከ3ኛ እስከ 5ኛ ደረጃ ላይ ላሉ አዋቂዎች ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን 0.8 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። እጥበት ለሚያደርጉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ መጠኑን ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ያደርሰዋል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እጥበት ከመጀመሩ በፊት በቀን 48 ግራም፣ ከጀመረ በኋላ ግን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ቀድሞ የታዘዘውን የፕሮቲን ቅነሳ እጥበት ከጀመሩ በኋላም መቀጠል መመናመኑን ያባብሳል።

በኦርቶዶክስ ጾም ወቅት ፕሮቲን በዋናነት የሚገኘው ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላና ከመሳሰሉት ጥራጥሬዎች ነው። ጥራጥሬ ፖታሲየምና ፎስፈረስም ስላለው የሚበላው መጠን ከሐኪም ወይም ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ይወሰናል።

የአካል እንቅስቃሴ፣ በተለይ ክብደት የማንሳትና የመግፋት ልምምድ፣ ጉልበትን ያሻሽላል። በአንዳንድ ማዕከላት ሕሙማን በእጥበት ላይ እያሉ ፔዳል በመምታት ይለማመዳሉ። የደም አሲድነት ሲኖር በሶዲየም ባይካርቦኔት ይታከማል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ብዙዎቹን መንስኤዎች ቢያቃልልም፣ ከዚያ በኋላ የሚወሰዱት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ጡንቻን ሊያደክሙ ስለሚችሉ ክትትሉ ይቀጥላል።