የሐኪሙ ፊርማ፦ የመካ የመጀመሪያ ፎቶዎችና በእጃችን ያለው ካሜራ



ኒካሕ፣ የመድረሳ ምርቃት ወይም የኢድ ሶላት ባለበት ሁሉ አንገቱ ላይ ዲኤስኤልአር ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት አይጠፋም። አብዛኞቹ በሙያው የሚተዳደሩ አይደሉም። ተማሪ ወይም ነጋዴ ሆነው ገንዘብ አጠራቅመው ያገለገለ ካሜራ የገዙ፣ ፎቶ ማንሳት ስለሚወዱ ብቻ የሚያነሱ ናቸው። ዛሬ የምንጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከሒጃዝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። «ካሜራ የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛው ‹ቀመራ› ነው» የሚል ጽሑፍ በየገጹ ሲዞር እናያለን። ትክክል አይደለም። ካሜራ የላቲን ቃል ሲሆን ክፍል፣ እልፍኝ ማለት ነው፤ ላቲኑም ከግሪክ የወሰደው ነው። በስራ የተወለደውና በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ከ1,000 ዓመት በፊት ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን ሞክሮ ጽፏል። «ኪታቡል መናዚር» የተባለው መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሊቃውንት ተምረውበታል። ይህ በራሱ ትልቅ ክብር ስለሆነ የፈጠራ ታሪክ መደረብ አያስፈልገውም።

ወደ ሒጃዝ እንመለስ። የመዲናን የመጀመሪያ ፎቶ ያነሱት ግብጻዊው የጦር መኮንንና መሐንዲስ ሙሐመድ ሳዲቅ ቤይ ናቸው። በካይሮና በፓሪስ ተምረዋል። በ1861 ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነስተው መንገዱን እየለኩ፣ ካርታ እየሠሩ ወደ መዲና ሲሄዱ ካሜራም ይዘው ነበር። ፎቶ ማንሳት የታዘዙበት ሥራ ሳይሆን የራሳቸው ፍላጎት ነበር። በ1880 ደግሞ የግብጹ የሐጅ ጉዞ ማለትም የመሕመሉ ገንዘብ ያዥ ሆነው መካ ሲገቡ የሐረሙንና የከዕባን የመጀመሪያ ፎቶዎች አነሱ። ከእሳቸው በፊት እነዚህን ቦታዎች በዚህ መሣሪያ ያነሳ እንደሌለ በኩራት ጽፈዋል። በ1881 በቬኒስ በተካሄደው የጂኦግራፊ ጉባኤ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ሥራው እንዴት ከባድ እንደነበር አስቡት። በዘመኑ የነበረው መስታወት መድኃኒት ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ገብቶ፣ ሳይደርቅ ታጥቦ ማለቅ አለበት። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ድንኳኑን ጨለማ ማድረግ፣ ውሃና መድኃኒት በግመል መጫን፣ በዚያ ሐሩር! መስታወቱ ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሰው እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል።

ፎቶ ማንሳት በሸሪዓ እንዴት እንደሚታይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የግብጹ ሙፍቲ ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ በእጅ እንደሚሳል ሥዕል ሳይሆን ጥላን እንደመያዝ ነው ብለው መፈቀዱን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈዋል። ያልፈቀዱ ታላላቅ ዓሊሞችም አሉ። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን።

አሁን ወደ ሐኪሙ። ሰይድ ዓብዱልገፋር በ1880ዎቹ መካ ውስጥ የሚኖሩ ሐኪም ነበሩ። ከሕክምናው ሌላ ሰዓት ይጠግናሉ፣ ጠመንጃ ያበጃሉ፤ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ መፍታትና መግጠም የሚወዱ ሰው ነበሩ። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። በ1885 ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮኜ የተባለ ሆላንዳዊ ምሁር መስለሙን ተናግሮ መካ ገባ፤ የያዘው ስምም «ዓብዱልገፋር» ነበር። ካሜራ ይዞ መጥቷልና ከሐኪሙ ጋር ተወዳጅቶ አጠቃቀሙን አሳያቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐጅ ሊደርስ ሲል፣ የዑሥማኒያ ባለሥልጣናት ከመካ አባረሩት። ካሜራው ግን ከሐኪሙ ጋር ቀረ።

ሰይድ ዓብዱልገፋርም ሥራውን ቀጠሉ። ከዕባን፣ በሐረሙ ዙሪያ ለሶላት የተሰለፈውን ሕዝብ፣ ሚናንና ዐረፋን፣ የከተማዋን ሹማምንትና ከየአገሩ የመጡ ሑጃጆችን አነሱ። በፎቶዎቹ ላይ የመካው ሐኪም የሰይድ ዓብዱልገፋር ሥራ መሆናቸውን በዐረብኛ ይጽፉ ነበር። ፎቶዎቹ በጂዳ በኩል ወደ ሆላንድ ይላካሉ። በ1889 ሌይደን ከተማ ላይ የመካ ፎቶዎች ያሉበት ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የስኑክ ነው። የሐኪሙ ፊርማ ከሕትመቱ ላይ እንዲጠፋ ተደርጓል። ስኑክ አንድ የመካ ሐኪም እንዳነሳቸው፣ ያስተማረውም እሱ እንደሆነ ገልጿል። ስሙን ግን አልጻፈም። ፎቶዎቹ ለረጅም ዘመን የስኑክ ሥራ ተብለው ኖሩ። ስሙ ወደ ባለቤቱ የተመለሰው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ተመራማሪዎች ሌይደን የተቀመጡትን ፎቶዎች ሲመረምሩ ፊርማው ያልተነካባቸውን አገኙ። ዛሬ ሰይድ ዓብዱልገፋር ከመካ ሰዎች የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ ተብለው ይታወቃሉ።

በዚያው ዘመን በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ነበር። ሐረር በግብጾች ሥር ሳለች፣ በ1883፣ ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ እዚያ ፎቶ አንስቷል። ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ሲልክ፣ ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነጥተውብኛል ብሎ ጽፏል። ከሥራዎቹ አንዱ የቆዳ ከረጢት የሚሠራ የሐረር ባለሙያ ፎቶ ነው። የራምቦን ሦስት ፎቶዎች ዓለም ያውቃቸዋል። ያ ባለሙያ ግን የሚታወቀው በሥራው ብቻ ነው፤ ስሙን ማንም አልጻፈውም።

እኛን የሚያንገበግበን ይህ ነው። አያቶቻችን በየአልበሙ፣ በየሙዚየሙ አሉ፤ ስም የላቸውም። ዛሬ ደግሞ ካሜራው የእኛ ሆኖ ነገሩ ያው ነው። የሰፈሩ አሮጌ መስጂድ ፈርሶ በአዲስ ሲሠራ፣ ሼኾቻችን አንድ በአንድ ወደ አኺራ ሲሄዱ የምናገኘው ፎቶ ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ማን እንደሆነ የሚናገር የለም።

ካሜራው ግን መላውን አብሮት ይዞ መጥቷል። በ1975 ኮዳክ ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ1991 ኮዳክ በኒኮን ካሜራ ላይ ገጥሞ የሸጠው ዲኤስኤልአር 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው። በ2003 ካኖን 300ዲን ከ1,000 ዶላር በታች ሲያወጣ ነው ነገሩ ወደ አማተሩ የወረደው። አሁን ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ስላዞሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር በየገበያው ይገኛል።

በሌንሱ የገባው ብርሃን ውስጥ ባለው መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስንጫን መስታወቱ ይነሳል፣ ሹተሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ያ «ቻክ» የሚለው ድምፅ የመስታወቱ ነው። መስጂድ ውስጥ ሰው ሱጁድ ላይ እያለ እንዴት እንደሚጮህ ያነሳ ያውቀዋል! ብዙዎቹ ካሜራዎች ድምፅ የሚቀንስ አሠራር ስላላቸው እሱን ተጠቀሙ። ፍላሹን አጥፉ፤ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ሰፊ ቀዳዳ ባለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማንሳት ይሻላል። እህቶችን ያለፈቃድ አታንሱ።

ወደ ስሙ ጉዳይ ስንመጣ፣ በአብዛኞቹ የካኖንና የኒኮን ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የባለቤትነት መብት የሚል ቦታ አለ። ስማችሁን አንዴ ከጻፋችሁ በምታነሱት እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ይገባል። ቀኑንም አስተካክሉ፤ ያገለገለ ካሜራ ባትሪው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ቀኑ ይዛባል። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለው ስምና ቀንም ይጠፋል፤ የሌይደኑ ሕትመት በሐኪሙ ፊርማ ላይ ያደረገውን ያደርግባችኋል። እንደ ፋይል ላኩት። የሼኹን ስም፣ የመስጂዱን ስም፣ ከጎን የቆሙትን ሰዎች ስም ከፎቶው ጋር በአንድ ፎልደር ጻፉ፤ ሁለት ቦታም አስቀምጡ። በሰፈራችሁ ሊፈርስ የታሰበ መስጂድ ካለ ሚሕራቡን፣ በሩንና ጣሪያውን ከውጭም ከውስጥም አንሱና ስሙን ከእነዓመተ ምሕረቱ በኮሜንት ጻፉልን።

ወላሁ አዕለም።