የመርከቡ ቢራቢሮዎች

ከሳይንስ መጻሕፍት መካከል የጋሊሊዮን «ውይይት» ያህል እንደ ተውኔት የማነበው የለም። እ.ኤ.አ. በ1632 በፍሎረንስ የታተመው በሊቃውንቱ ላቲን ሳይሆን አገሬው በሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። ሦስት ሰዎች ለአራት ቀናት ይከራከሩበታል፤ ሳልቪያቲ፣ ሳግሬዶና የአርስጣጣሊስ ተከታዩ ሲምፕሊቺዮ።

የክርክሩ እሾህ እንዲህ ነው። ምድር የምትዞር ከሆነ፣ ከግንብ አናት የተለቀቀ ድንጋይ መሬት እስኪደርስ ድረስ ግንቡ ጥሎት መሄድ አልነበረበትምን? ወፎችስ ወደ ኋላ አይቀሩምን? የሞኝ ጥያቄ አይምሰላችሁ። በምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው በምድር ዙረት ብቻ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ቆሜያለሁ እያለ!

ሳልቪያቲ ግን በቀመር አይመልስም፤ ወደ መርከብ ይወስደናል። ከወለሉ በታች ባለ ሰፊ ክፍል ከወዳጅህ ጋር ዘግተህ ተቀመጥ ይላል። ቢራቢሮዎች ይብረሩ፣ ዓሦች በገንዳ ይዋኙ፣ ከተንጠለጠለ ዕቃ ውሃ ጠብ ጠብ ይበል። መርከቡ ቆሞ ሳለ ሁሉን ልብ ብለህ ተመልከት። ከዚያ በወደድከው ፍጥነት ይሂድ፤ ብቻ አይዋዥቅ፣ ፍጥነቱም አይለዋወጥ። ጠብታው ከሥሩ ባለው ጠባብ አፍ ይገባል፤ ቢራቢሮዎቹም ወደ መርከቡ ጀርባ ተገፍተው አይከማቹም። ጉዞው የሁሉም ነውና፣ የታፈነው አየር ሳይቀር፣ በመካከላቸው እንደሌለ ያህል ነው። ስለዚህ «ይሄዳል ወይስ ቆሟል?» የሚለው ጥያቄ «ከምን አንጻር?» ካልተባለበት ጎደሎ ነው።

ጀልባን ለምሳሌ ያመጣ እርሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ሕንዳዊው አርያብሃታ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት፣ በጀልባ የሚሄድ ሰው ዳር ላይ የቆመው ነገር ወደ ኋላ ሲሸሽ እንደሚያይ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1640 ደግሞ ፒየር ጋሴንዲ በማርሴይ፣ በምትቀዘፍ መርከብ ምሰሶ አናት ላይ የተለቀቀ ኳስ ከምሰሶው ሥር እንደሚወድቅ በተግባር አሳየ።

ሆኖም የመርከቡ ታሪክ ምድር ትዞራለች ብሎ አያስረዳም፤ «አትዞርም» የሚለውን ሙግት ያፈርሳል እንጂ። ጋሊሊዮ ማስረጃዬ ብሎ የተመካበት የባሕር ማዕበል ሙላትና ጉድለት ነበር፤ እርሱም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ለእኔ የመጽሐፉ ታላቅ ገጽ ያ ሳይሆን ቢራቢሮዎቹ የሚበሩበት ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1633 የ69 ዓመቱ አዛውንት በሮም ተንበርክኮ እምነቱን ካደ፤ እስከ ሞተበት 1642 ድረስም በግዞት ቤት ኖረ። መጽሐፉ ከተከለከሉት መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። የምድርን ዙረት በአንድ ክፍል ውስጥ ለዓይን የሚያሳየው የፉኮ ፔንዱለም ፓሪስ ላይ እስኪንጠለጠል ገና 16 ዓመት ይቀር ነበር።